ከስደት የተመለሰ ፒያኖ፦ የአብዱላ ኢብራሂም ሕይወትና የሙዚቃ ጥበብ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በመጻሕፍትና በመዛግብት ብቻ ተከማችቶ አይገኝም። መጻፍ በሚያስቀጣበት፣ መሰብሰብ ወንጀል በሆነበት፣ የትውልድ ሠፈር በቡልዶዘር በሚፈርስበት ዘመን ሕዝብ ትዝታውንና ተስፋውን የሚያኖርበት ሌላ ጎተራ ይሻል። በአፓርታይድ ቀንበር ሥር ለኖረው የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ከእነዚህ ጎተራዎች አንዱ ሙዚቃ ነበር። ይህን ጎተራ ከሞሉትና ከጠበቁት ከያንያን መካከል የኬፕታውን ተወላጅ የሆነው ፒያኒስትና የዜማ ደራሲ አብዱላ ኢብራሂም ከፍ ያለ ሥፍራ አለው።

አብዱላ ኢብራሂም በዘፋኝነት የሚታወቅ ሰው አይደለም። አብዛኞቹ ታላላቅ ሥራዎቹ ግጥም የላቸውም፤ መፈክርም አያሰሙም። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ሥራዎች አንዱ በ1980ዎቹ ዓመታት በፀረ አፓርታይድ ስብሰባዎች ላይ እንደ ሕዝብ መዝሙር ሲደመጥ ኖሯል። ግጥም የሌለው ዜማ የአንድ ሕዝብ የትግል ድምፅ ለመሆን እንዴት በቃ? መልሱ የሚገኘው የከያኒውን ሕይወትና የፒያኖ አጨዋወቱን ጎን ለጎን በመመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወደብ ከተማ ልጅ

አብዱላ ኢብራሂም የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1934 ሲሆን በልደቱ የተሰጠው ስም አዶልፍ ዮሃንስ ብራንድ ነበር። የትውልድ ከተማው ኬፕታውን በ1652 የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለመርከቦቹ የስንቅ ማረፊያ እንድትሆን የቆረቆራት ወደብ ናት። ኩባንያው ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፣ ከሕንድ፣ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰዎችን በባርነት እያጋዘ አመጣ። የእነዚህም ልጆች ከአገሩ ነባር የኮይና የሳን ሕዝቦች፣ እንዲሁም ከአውሮፓውያን ጋር ተዋልደው የራሱ ቋንቋ፣ ምግብና ዜማ ያለው የከተማ ሕዝብ ሆኑ። ባሪያዎች ያርፉበት የነበረው የዘመን መለወጫ ማግስት፣ ማለትም ጃንዋሪ 2 ቀን፣ ባርነት በ1834 ከተሻረ በኋላም የካርኒቫል በዓል ሆኖ ቀጠለ። በዚያ ቀን የየሠፈሩ ቡድኖች ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው፣ ባንጆ እየደረደሩና ከበርሜል የተሠራውን ጉማ የተባለ ከበሮ እየመቱ በጎዳናው ይጎርፋሉ። የጉማ ምት በአብዱላ ኢብራሂም ሙዚቃ ውስጥ የማይጠፋ የልብ ትርታ ሆኖ ይሰማል።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቱ የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ እሱም በሰባት ዓመቱ የፒያኖ ትምህርት ጀመረ። ያደገባቸው መዝሙሮች የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ነበሩ። የዚህች ቤተ ክርስቲያን የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ከኢትዮጵያ ስም ጋር የተሳሰረ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር ካህን በነጮች የበላይነት ተማርረው በ1892 በፕሪቶሪያ ያቋቋሙት ነፃ ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ተብሎ ተሰየመ፤ ስሙም የተወሰደው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ከተነገረው ነበር። ይህ እንቅስቃሴ በ1896፣ የዐድዋ ድል በተገኘበት በዚያው ዓመት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ከተመሠረተችው ከአፍሪካ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ። ስለዚህ ሕፃኑ በእናቱ ፒያኖ አጠገብ የሰማው መዝሙር ጸሎት ብቻ አልነበረም። ጥቁር ሕዝብ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ምኞቱን ያሰማበት ድምፅም ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ ማራቢ ይባላል። ማራቢ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት በጆሃንስበርግ የሠራተኞች ሠፈሮች፣ ሴቶች በድብቅ ጠላ መሰል መጠጥ ጠምቀው በሚሸጡባቸው ቤቶች ውስጥ የተወለደ የፒያኖና የኦርጋን ጨዋታ ነው። ስልቱ ቀላል ነው፤ ኮርድ የሚባሉት ሦስት ወይም አራት ጥምር ድምፆች በተወሰነ ቅደም ተከተል ሌሊቱን ሙሉ ይዞራሉ፤ ተጫዋቹም በዚያ ዙር ላይ ዜማ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል። አዝማሪ በማሲንቆው አንዱን ሐረግ እየደጋገመ ግጥሙን እንደሚያወርድ ያለ ነው። የተማሩ ሰዎችና የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ማራቢን የወራዶች ሙዚቃ አድርገው ይንቁት ነበር።

አራተኛው ምንጭ ከባሕር ማዶ መጣ። ወጣቱ ብራንድ ወደቡን ከሚረግጡት ጥቁር አሜሪካውያን መርከበኞች የጃዝ ሸክላ ይገዛ ስለነበር «ዳላር» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ለረጅም ዘመንም ዳላር ብራንድ በሚል ስም ታወቀ። በ1949፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ በዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ተቀጥሮ መጫወት ጀመረ።

ዘመናዊነት እንደ እምቢታ

የናሽናል ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰው ልጅ በቀለሙ ተመዝግቦ እንዲለይና በተለየለት ክልል ብቻ እንዲኖር የሚያስገድዱ ሕጎች በ1950 ወጡ። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ደግሞ ጥቁሩ ሕፃን ለጉልበት ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲማር ወሰነ። ሥርዓቱ ለጥቁሩ ሕዝብ የሚሰብከው ባህል ነበረው፤ ሁሉም ወደየጎሣው እንዲመለስ፣ የጎሣውን ዘፈን እንዲዘፍን፣ ከተማን ግን የነጮች ርስት አድርጎ እንዲቀበል ይነግረው ነበር። «ባህል» የሚለው ቃል በገዥዎች እጅ የመከፋፈያ መሣሪያ ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ዘመናዊ ጃዝ መጫወት ራሱ እምቢታ ነበር። በ1959 ዳላር ብራንድ ከአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኪፒ ሙኬትሲ፣ ከትራምፔት ተጫዋቹ ሂው ማሴኬላ፣ ከትሮምቦን ተጫዋቹ ጆናስ ግዋንግዋ፣ ከባሲስቱ ጆኒ ገርትዜና ከድራም መቺው ማካያ ንትሾኮ ጋር ሆኖ ጃዝ ኢፒስልስ፣ ማለትም «የጃዝ መልእክታት» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ቡድኑ በጃንዋሪ 1960 የቀዳው ሸክላ በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የተዘጋጀ የመጀመሪያው ረጅም የጃዝ ሸክላ ሲሆን የታተመውም በ500 ቅጂ ብቻ ነበር። ሙዚቃው በአብዛኛው የኒውዮርክን የጃዝ ቋንቋ የሚናገር ነው። ፈጣን፣ ውስብስብና በራሱ የሚተማመን ነው። የሚያስተላልፈውም መልእክት ግልጽ ነበር፤ የከተማው ጥቁር ሰው የዓለም ዘመናዊ ሰው ነው።

መልእክቱ ብዙ አልተሰማም። ማርች 21 ቀን 1960 ፖሊስ በሻርፕቪል የመታወቂያ ደብተር ሕግን በመቃወም በተሰለፈው ሕዝብ ላይ ተኩሶ 69 ሰዎች ገደለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ታገዱ። ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚያዳምጡባቸው መድረኮች እየተዘጉ ሄዱ። ቡድኑ ተበተነ። ማሴኬላና ግዋንግዋ ከአገር ወጡ፤ ዳላር ብራንድም በ1962 ከድምፃዊቷ ሳቲማ ቢ ቤንጃሚን ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ።

በባዕድ አገር

ስደተኛው ፒያኒስት ከገርትዜና ከንትሾኮ ጋር በዙሪክ በአንድ የምሽት ክበብ ይጫወት ነበር። በፌብሩዋሪ 1963 ዱክ ኤሊንግተን ለትርዒት ወደ ዙሪክ በመጣ ጊዜ ሳቲማ ከመድረኩ ጀርባ ጠብቃ የባልደረባዋን ጨዋታ እንዲያዳምጥ ለመነችው። ኤሊንግተን መጣ፤ አዳመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ቡድኑን ፓሪስ ጠርቶ ሸክላ አስቀዳው። በዚያው አጋጣሚ ሳቲማም የራሷን ዘፈኖች ቀዳች፤ ሆኖም የእሷ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ሳይታተም ቀረ። የፒያኒስቱን መንገድ የከፈተችው ሴት የራሷ መንገድ ይህን ያህል ዘመን መዘጋቱ በታሪኩ ውስጥ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ኤሊንግተን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ አዲስ አበባን እንደጎበኘና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር እንደተገናኘ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወዳጆች ያስታውሳሉ።

ከዚያ በኋላ በሮች ተከፈቱ። ዳላር ብራንድ በ1965 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ተጫወተ፤ ሳቲማን አገባ፤ ኑሮውን በኒውዮርክ አደረገ። በ1966 በኤሊንግተን ምትክ ኦርኬስትራውን የመራባቸው ምሽቶች ነበሩ። በ1967 የሮክፌለር ድርጅት የትምህርት ድጎማ አግኝቶ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። ዘመኑ የአሜሪካ ጃዝ ከታወቀው የምትና የኮርድ ሥርዓት ለመላቀቅ የሚታገልበት ነበር፤ እሱም ከእነዶን ቼሪና ከእነኦርኔት ኮልማን ጋር ተወዳጀ።

የዕድገቱ መሰላል በውጭ ሲታይ ወደ ላይ የሚያወጣው ወደ ኒውዮርክ ነበር። የሙዚቃው ጉዞ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ከአገሩ በራቀ መጠን እጆቹ የሕፃንነቱን መዝሙር፣ የካርኒቫሉን ምትና የተናቀውን ማራቢ ይፈልጉ ጀመር። በ1968 ወደ ኬፕታውን ተመልሶ እስልምናን ተቀበለና አብዱላ ኢብራሂም ተባለ። በ1969 በኮፐንሃገን ብቻውን የተጫወተበትና «አፍሪካን ፒያኖ» የተሰኘው ቅጂ ይህን ለውጥ በግልጽ ያሳያል። ግራ እጁ አንድ ሐረግ እንደ ከበሮ ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ ቀኝ እጁ ደግሞ በዚያ ላይ ይዘምራል፣ ይጮኻል፣ ዝም ይላል። አንዱ ዜማ ከሌላው ጋር ያለ ዕረፍት ይያያዛል። አዳማጩ የሚሰማው የተለያዩ ድርሰቶችን ሳይሆን አንድ ረጅም ጉዞ ነው።

ማኔንበርግ

የኬፕታውን እምብርት የነበረችው ዲስትሪክት ሲክስ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ ጥቁርና ክልስ፣ ሠራተኛና ሙዚቀኛ ተቀላቅለው የሚኖሩባት ሠፈር፣ በፌብሩዋሪ 1966 የነጮች ክልል ተብላ ታወጀች። በተከታዮቹ ዓመታት ከ60,000 በላይ ሰዎች ቤታቸው እየፈረሰ ነፋስ በሚገርፈው የኬፕ ፍላትስ አሸዋማ ሜዳ ላይ ወደተሠሩ ሠፈሮች ተጋዙ። ከእነዚህ ሠፈሮች አንዱ ማኔንበርግ ነው።

በጁን 1974 አብዱላ ኢብራሂም ከቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ባዝል ኩትሴ፣ ከአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ሮቢ ጃንሰንና ሞሪስ ጎልድበርግ፣ ከባሲስቱ ፖል ማይክልስና ከድራም መቺው ሞንቲ ዌበር ጋር በኬፕታውን ስቱዲዮ ገባ። የሸክላው አሳታሚ ራሺድ ቫሊ ነበር። በስቱዲዮው ውስጥ መዶሻዎቹ ላይ ትናንሽ ምስማሮች የተሰኩባቸው ተራ ፒያኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለው ፒያኖ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይንቃጨላል። በጁሊያርድ የተማረው ፒያኒስት በዚያ ፒያኖ ተቀምጦ የማራቢን ዙር መምታት ጀመረ። ከ13 ደቂቃ በላይ የሚዘልቀው «ማኔንበርግ» እንዲህ ተቀዳ።

የዚህ ሥራ ኃይል ከምን ይመነጫል? በመጀመሪያ ከድምፁ ነው። የሚንቃጨለው ፒያኖ የመጠጥ ቤቶቹን አሮጌ ፒያኖ ስለሚመስል አዳማጩ ገና ከመጀመሪያው ሐረግ ወላጆቹ የጨፈሩበትን ቤት ያስታውሳል። ሁለተኛው ነገር ዙሩ ነው። ኮርዶቹ አይጣደፉም፤ ሄደው ይመለሳሉ፣ ሄደው ይመለሳሉ። ከቤቱ ለተፈናቀለ ሕዝብ የሚመለስ ዜማ ትርጉሙ ጥልቅ ነው። ሦስተኛው የባዝል ኩትሴ ሳክስፎን ነው። ኩትሴ ራሱ የዲስትሪክት ሲክስ ልጅ ሲሆን በዚህ ጨዋታው የተነሣ እስከ ዕለተ ሞቱ «ማኔንበርግ» በሚል ቅጽል ስም ተጠራ። አራተኛው ርዕሱ ነው። ገዥዎች የሰው ማጎሪያ አድርገው የሠሩት ሠፈር በዚህ ሸክላ ላይ የኩራት ስም ሆኖ ታተመ።

እዚህ ላይ የጃዝ ኢፒስልስና የ«ማኔንበርግ» ግንኙነት ይታያል። ገዥዎች የሚሰብኩት ባህል እያንዳንዱን በየጎሣው አጥር የሚያስቀር ነበር። አብዱላ ኢብራሂም የተመለሰበት ባህል ግን ማራቢው የጆሃንስበርግ፣ ጉማው የኬፕ፣ መዝሙሩ የቤተ ክርስቲያን፣ አጨዋወቱ የጃዝ የሆነ፣ ሕጉ የከለከለውን ቅልቅል በድምፅ የፈጸመ ነው። የክልሎች ሕግ የለያያቸውን ሰዎች አንድ ዜማ አስማማቸው። ምንም መፈክር ሳያሰማ የአፓርታይድን ዋና ሐሳብ ያፈረሰው በዚህ መንገድ ነበር። የተባበሩት ዴሞክራሲያዊ ግንባር በኦገስት 1983 በኬፕታውን ከተቋቋመ በኋላ ኩትሴና ጃንሰን ይህን ዜማ በየስብሰባው ሲያሰሙት ሕዝቡ አብሮ ያዜም የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ስደት

ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ መማርን ተቃውመው ሲነሡ ሥርዓቱ በጥይት መለሰላቸው። አብዱላ ኢብራሂም ለታገደው ብሔራዊ ኮንግረስ መርጃ የሚሆን ሕገ ወጥ ኮንሰርት ካዘጋጀ በኋላ ዳግመኛ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ይህ ስደት ከመጀመሪያው ይለያል፤ አሁን የሚናገረው ቋንቋ የራሱ ነበር። በ1983 ያቋቋመውን ቡድን በአገሩ ቋንቋ «ኤካያ»፣ ማለትም «ቤት» ብሎ ሰየመው።

በ1985 ከኤካያ ጋር የቀዳው «ከጥንታዊ ጉድጓድ የተቀዳ ውኃ» የሚል ትርጉም ያለው ሸክላ የጥበቡ ሙሉ መግለጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ድርሰት «ማንዴላ» ይባላል፤ ያን ጊዜ ኔልሰን ማንዴላ ከ20 ዓመት በላይ በእስር ላይ ነበር፣ በአገሩም ፎቶግራፉን ማሳተም የተከለከለ ነበር። ዜማው ግን እንደ ሙሾ አያለቅስም፤ እንደ ካርኒቫል ይጨፍራል። ሌላው ድርሰት «ቱዋንግ ጉሩ» በ18ኛው መቶ ዓመት ሆላንዶች ከቲዶሬ ደሴት አግዘው በሮበን ደሴት ያሰሩትን፣ በእስር ላይ ሳሉ ቅዱስ ቁርዓንን በቃላቸው የጻፉትን የእስልምና ሊቅ ያስታውሳል። ማንዴላም ከእስር ዘመኑ አብዛኛውን ያሳለፈው በዚያው ደሴት ነበር። ሁለቱን ስሞች በአንድ ሸክላ ላይ ማኖር የ200 ዓመት ታሪክን ያለ አንዲት ቃል ማስተማር ነው።

የአጨዋወቱ ባሕርይ

አብዱላ ኢብራሂም ከኤሊንግተን የኅብረ ድምፅን ቀለም፣ ከቴሎኒየስ ሞንክ ደግሞ ያልተጠበቀ ድምፅ መትቶ በዝምታ የመተውን ድፍረት ተምሯል። ሆኖም ከሁለቱም የሚለይበት ነገር አለ። የብዙ ጃዝ ፒያኒስቶች ችሎታ የሚለካው በሚጨምሩት ነው፤ የእሱ ግን በሚቀንሰው ይታወቃል። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዜማው እያጠረ፣ ዝምታው እየረዘመ ሄደ። በ2020 በጀርመን አገር በባቫርያ ያለ ታዳሚ ብቻውን ተቀምጦ በቀዳው «ሶሎቲዩድ» የድሮ ድርሰቶቹ እንደ ትዝታ ብልጭ ብለው ያልፋሉ።

በዚህ የተነሣ የሚቀርብበት ትችት አለ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እነዚያኑ ዜማዎች ይደጋግማል የሚሉ አሉ፤ በመድረክ ላይ የተጨዋቾቹን ጉልበት አፍኖ ይይዛል የሚሉም አይታጡም። ትችቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አዲስ ነገር ብቻ የሚፈልግ አዳማጭ በእርግጥ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን በማራቢም ሆነ በመዝሙር ባህል አንድን ዜማ መድገም የፈጠራ ድርቀት ምልክት አይደለም። ካህኑ ያንኑ ጸሎት በየዕለቱ ያደርሳል፤ ልዩነቱ ዛሬ በሚያደርስበት ልብ ላይ ነው። የአብዱላ ኢብራሂምም ድግግሞሽ መመዘን ያለበት በዚህ ሚዛን ነው፤ በዚህም ሚዛን የሚያልፍባቸው ምሽቶች እንዳሉ ሁሉ የማያልፍባቸውም ይኖራሉ።

መመለስ

ማንዴላ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ከእስር ሲፈታ የስደተኞቹ መንገድ ተከፈተ። አብዱላ ኢብራሂም ወደ አገሩ ገባ፤ በ1991 በኬፕታውን ከኩትሴና ከጃንሰን ጋር እንደገና ተገናኝቶ «ማንትራ ሞድ» የተሰኘውን ሥራ ቀዳ። ሜይ 10 ቀን 1994 ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ በፈጸመበት በዓል ላይ ፒያኖውን አሰማ። በ1999 ወጣቶች ሙዚቃን ከጤናና ከአካል ሥልጠና ጋር አጣምረው የሚማሩበት ኤም ሰባት የተባለ ተቋም በኬፕታውን መሠረተ። በ2009 ከአገሩ መንግሥት የኢካማንጋ ኒሻን፣ በ2019 ከአሜሪካ የጃዝ ሊቅነት ማዕረግ ተቀበለ። በ2023 በለንደን የባርቢካን አዳራሽ በ88 ዓመቱ የተጫወተው ሙዚቃም በ2024 ታትሞ ወጣ።

እርግጥ ነው፤ ሙዚቃው ተስፋ ያደረገው ሁሉ አልተፈጸመም። ዲስትሪክት ሲክስ በ1994 ሙዚየም ተከፍቶላታል፤ ከመሬቷ የተነቀሉት ሰዎች መመለስ ግን በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ብቻ የተከናወነ ነው። የማኔንበርግም ሠፈር ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ ከድህነትና ከወሮበላ ቡድኖች ግጭት አልተላቀቀም። ዜማ ቤት አይሠራም፤ መሬትም አያስመልስም። ሙዚቃን የትግል ሁሉ መፍትሔ አድርጎ ማወደስ ስሕተት ነው።

ሙዚቃ ሊያደርግ የሚችለውን ግን አብዱላ ኢብራሂም አድርጎታል። አስቸጋሪውን የጃዝ ጥበብ ሙሉ በሙሉ ካወቀ በኋላ የተናቀውን ቀላል ዜማ መረጠ፤ የተናቀውንም በማክበሩ የተናቁት ሰዎች ራሳቸውን እንዲያከብሩ ረዳ። ለመምህሩም ለከያኒውም የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፦ የሕዝብን ዜማ ለመንካት አነስተኛ ሳይሆን ከፍተኛ ችሎታ ያስፈልጋል። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በ«ማኔንበርግ» የሰሙት የገዛ ቤታቸውን ድምፅ ነበር፤ ሰምተውም ተነሥተው አብረው አዜሙ።